የጃኮሜቲን ቀጭን ሰው በጄሶ መስራት፦ ከማየት እስከ ማድረቅ

የስዊዘርላንዳዊውን ቀራጺ የአልቤርቶ ጃኮሜቲን ሐውልት በፎቶ አይቶ «ይቺንማ እኔም እሰራታለሁ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ያቆማል፣ ጄሶ ይለጥፍበታል፣ ላዩን ሸካራ አድርጎ ይተወዋል። ውጤቱ ጄሶ የተቀባ ሽቦ ነው። እጁ አልሰነፈም፤ የተሳሳተው ቅጥነትን ግቡ ማድረጉ ላይ ነው። ጃኮሜቲ ሰውን ለማቅጠን ተነስቶ አያውቅም። ከሩቅ የቆመ ሰውን ልክ እንደሚታየው ለመስራት ሲታገል እጁ ላይ የቀረለት ያ ቀጭን ነገር ነው። ስለዚህ እዚህም ስራው የሚጀምረው ከዓይን ነው፤ ሽቦው ቀጥሎ ይመጣል።

የምንሰራው ከመቆሚያዋ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላት፣ እጆቿን በጎኗ አድርጋ የቆመች ሴት ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮትና ትዕግስት ይበቃል። ጃኮሜቲ ከ1926 መጨረሻ ጀምሮ በ1966 እስኪሞት ድረስ የሰራበት የፓሪስ ክፍል 23 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ አይበልጥም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ምን ይፈልግ ነበር

ጃኮሜቲ በ1901 ጣልያንኛ በሚነገርበት የስዊዘርላንድ ሸለቆ ተወለደ። አባቱ ሰዓሊ ነበር። በ1922 ፓሪስ ገብቶ ከቀራጺው አንቷን ቡርዴል ዘንድ ተማረ። ወጣት ሳለ ዓይኑ ያረፈው በግብጽ ጥንታዊ ሐውልቶችና በአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ላይ ነው፤ በ1927 ያጠናቀቃት «የማንኪያ ሴት» የምትባለው ስራ የምዕራብ አፍሪካ ዳን ሕዝብ በሰው አምሳል ከሚቀርጸው የክብር ማንኪያ የመጣች ናት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሱሪያሊስቶች (ሕልምንና ምናብን ከሚከተሉ የጥበብ ሰዎች ቡድን) ጋር ሆኖ ከምናቡ ሲሰራ ቆየ። በ1935 ግን ሕያው ሰው ፊቱ አስቀምጦ ጭንቅላት መስራት ሲጀምር ቡድኑ አባረረው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1937 ፓሪስ ውስጥ በሳን ሚሼል ጎዳና ኢዛቤል የምትባል ወዳጁን በምሽት ከሩቅ ቆማ አያት። በላይዋ የቤቶቹ ጨለማ፣ ዙሪያዋን ሰፊ ባዶ። ያንን ሊሰራ ሞከረ። ሴትየዋን በሙሉ ቁመቷ ቢሰራት አጠገቡ የቆመች ሴት ትሆንበታለች፤ ርቀቱ ይጠፋል። ርቀቱን ሊያስቀር አሳነሳት፣ ባዶው እንዲታይ ደግሞ ከሷ የሚተልቅ መቆሚያ ላይ አቆማት። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945 ጄኔቫ ሳለ፣ የሚሰራቸው ምስሎች ክብሪት ሳጥን ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አነሱ። ከዚያ ቁመታቸውን ላለማሳነስ ቆረጠ። ቁመቱን ሲይዝ ወርዱ አመለጠው፤ በ1947 ዓለም የሚያውቃቸው ቀጫጭኖቹ ወጡ።

ይቺን ቅደም ተከተል በቃላችሁ ያዟት፤ በኋላ ቢላዋ ስትይዙ ከየት መቁረጥ እንዳለባችሁ የምትነግራችሁ እሷ ናት። በ1948 ፈላስፋው ዣን ፖል ሳርትር ለጃኮሜቲ የኒውዮርክ ትርኢት በጻፈው መግቢያ ጃኮሜቲ ርቀትን ራሱን የሚቀርጽ ሰው መሆኑን አጉልቶ አሳይቷል። ብዙው ተመልካች ከጦርነት የተረፈ፣ የተራበ ሰው ነው ያየው። ያም ንባብ ነው፤ ሊሰራ ለተቀመጠ ሰው ግን አይጠቅምም፤ ረሃብን የሚሰራ ሰው ጎድን አጥንት መቁጠር ይጀምራል።

ቁመቱ 183 ሳንቲ ሜትር የሆነው «የሚራመደው ሰው» (1960) አንዱ የነሐስ ቅጂ በየካቲት 2010 ለንደን ላይ በ65 ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል። የነዚህ ሁሉ መነሻ ግን ጭቃ፣ ጄሶና የብረት አጽም ነው። አጽሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጅለት ታናሽ ወንድሙ ዲዬጎ ነበር፤ አጽሙ ካልጸና የቀረው ስራ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

መጀመሪያ መለካት

መስቀል አደባባይ ሂዱና ደረጃው ላይ ቁሙ። እርሳስ ይዛችሁ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ ከዓይናችሁ እስከ እርሳሱ 60 ሳ.ሜ. ገደማ ይሆናል። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ የእርሳሱን ጫፍ ከሩቅ በቆመ ሰው ራስ፣ አውራ ጣታችሁን በእግሩ ልክ አድርጉ። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 10 ሜትር ላይ ሲቆም እርሳሱ ላይ 10 ሳ.ሜ. ይሞላል። 30 ሜትር ላይ 3.4 ሳ.ሜ. ይሆናል። 100 ሜትር ላይ 1 ሳ.ሜ. ብቻ ይቀራል።

30 ሜትር ላይ ጭንቅላቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ቁልፍ፣ ኪስ የለም። ያም ሆኖ ቆሞ መሆኑ፣ ትከሻው ማዘንበሉ፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደጣለ ይታወቃል። ሰውየውን የምታውቁት ከሆነ ማን እንደሆነም ትለያላችሁ። የምትሰሩት ይህንን የቀረውን ነው። ወረቀት ላይ ከ15 እስከ 20 ሰው፣ እያንዳንዱን ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. አድርጋችሁ ሳሉ፤ ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትስጡ። ሰው ሲራመድ እግሮቹ መሐል ያለው ክፍተት ይታያል፤ ሲቆም ግን ሁለቱ እግሮች አንድ መስመር ይሆናሉ። የሚራመድ ሰው ከመስራት በፊት የሚቆም መስራት የሚቀለው በዚህም ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን አትሂዱ፤ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ ትከሻና ጭንቅላት ብቻ ያበራሉ፣ የቀረው ጥላ ይሆናል። ከአስር ሰዓት በኋላ ያለው የጎን ብርሃን ይሻላል።

ቀጥሎ ከቤት ሰው አንዱን አንድ ሜትር ላይ ፊት ለፊት አስቀምጡ። ፊቱን እያያችሁ የጎኑን ቅርጽ ለመያዝ ሞክሩ። አይቻልም፤ አፍንጫው ወደ እናንተ ምን ያህል እንደወጣ ከፊት ሆኖ አይለካም። ጎኑን ስታዩ ደግሞ ወርዱ ይጠፋል። በጃኮሜቲ ስራ ከፊት ሲታይ እንደ ስለት የሚጠብበው ጭንቅላት ከጎን ሲዞር ድንገት የሚሰፋው ሁለቱን እይታዎች ስላላስታረቃቸው ነው። እናንተም አታስታርቁ።

ጊዜ ካላችሁ ሁለት ቦታ እግረ መንገዳችሁን ጎብኙ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አክሱም አጠገብ ካለው ከሐውልቲ የመጣችው፣ ከአክሱም ዘመን በፊት የተቀረጸችው የተቀመጠች ሴት አለች፦ እግሮቿ ገጥመው፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ ዓይኗ ቀጥታ ወደ ፊት። ጃኮሜቲ ከግብጾቹ የወሰደው ዝምታ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሷ ይገባል። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ደግሞ የፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ (1955) ቆሟል። እሱ ከጃኮሜቲ አሰራር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ካልካ ድንጋዩን እንደ ድንጋይ አቆይቶታል፣ ሰፋፊ ገጽታ እንጂ ቀጥኖ የወጣ ነገር የለበትም። ድንጋይ ላይ ቀጭን ቁርጭምጭሚት አይቆምም። ጄሶም ብቻውን አይችለውም፤ ውስጡ ያለው ብረት ነው የሚያቆመው።

ዕቃው

ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል፤ አንዱ 68 ሳ.ሜ.፣ ሌላው 56 ሳ.ሜ.። ፌሮ በሙሉ ቤርጋ 12 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ አዲስ መግዛት ብክነት ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም የሚገነባ ሕንጻ አጠገብ ቁርጥራጭ ይገኛል። የተጣመመ አትውሰዱ፤ ያቃናችሁት ብረት ልሙጥ መስመር አይሰጥም። 4 ሚሊ አይበቃም፣ ይወዛወዛል፣ ጄሶውም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰነጠቃል። 8 ሚሊ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ያወፍረዋል።

ሩብ ኪሎ የማሰሪያ ሽቦ፣ ትንሽ ቆርቆሮ ጸረ ዝገት ቀለም፣ አንድ አሮጌ ጆንያ (የቃጫው እንጂ የፕላስቲኩ አይሆንም፤ ፕላስቲክ ጄሶ አይጠጣም)፣ ለመቆሚያው ሳጥን የሚሆን ኮምፔንሳቶ፣ ፒንሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ጠባብ ስፓቱላ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ ቢላዋ፣ ጣት በሚያህል እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር፣ ሁለት የላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን። ላስቲክ የሚመረጠው የደረቀ ጄሶ ሲጨምቁት ስለሚረግፍ ነው።

ጄሶ 5 ኪሎ። ሐውልቷና መቆሚያዋ 2 ኪሎ ገደማ ይወስዳሉ፤ ቀሪው ለሚፈርሰው ነው፣ የሚፈርስም አይጠፋም። ሲገዙ ዋናው ጥያቄ ዓይነቱ ነው። ለግድግዳ ልስን ተብሎ የሚሸጠው ጄሶ እንዲዘገይ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ቀጭን ነገር ላይ ቁልቁል ይፈሳል። የምትፈልጉት ለኮርኒስ ጌጥና ለቅርጽ ማውጫ የሚሆነውን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ የሚጨብጠውን ነው። ሻጩ ካላወቀ ግማሽ ኪሎ ብቻ ገዝታችሁ ሞክሩ፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 140 ግራም ጄሶ በጥብጣችሁ መስታወት ላይ አፍስሱ፣ ጣት ምልክት መተው እስኪያቆም ያለውን ደቂቃ ቁጠሩ። ከረጢቱ ውስጥ እብጠት ካለ ተዉት፤ እርጥበት የገባበት ጄሶ ነው፣ ደርቆም በጥፍር ይፋቃል። ክረምት ላይ ይህ የተለመደ ነው።

አጽሙ

የሁለቱንም ፌሮ ታች 6 ሳ.ሜ. በ90 ዲግሪ እጠፉ። መቆሚያው 14 በ14፣ ጥልቀቱ 7 ሳ.ሜ. ነው፤ የታጠፈው ክፍል ከሳጥኑ ወለል 3 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይተኛል፣ ከሱ በላይ 4 ሳ.ሜ. ጄሶ ያቅፈዋል። ረጅሙ ፌሮ ከመቆሚያው በላይ 58 ሳ.ሜ. ይቀረዋል፣ ማለትም ከአናቷ 2 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ጭንቅላቷ ውስጥ ያልቃል። አጭሩ 46 ሳ.ሜ. ላይ፣ ደረቷ ውስጥ ይቆማል። የታጠፉትን ጫፎች አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አዙሩ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ ሐውልቷ በሌላው በኩል ለመውደቅ ትቀላለች።

ሁለቱ ዘንጎች ከታች በ2.5 ሳ.ሜ. ይራራቃሉ፣ ቀስ እያሉ ተጠጋግተው 31 ሳ.ሜ. ላይ (ዳሌዋ ላይ) ይገናኛሉ። ከዚያ እስከ ደረት በማሰሪያ ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ካለ ሁለት ነጥብ ቢበይድ ይሻላል፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ልሙጥ ነው፤ ጄሶ ልሙጥ ብረት አይጨብጥም፣ እንደ ቱቦ ይሽከረከርበታል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ሽቦ በየ1 ሳ.ሜ. ጠምጥሙበት። ትከሻው 9 ሳ.ሜ. ወርድ ያለው፣ ሁለት ሽቦ ተገምዶ የተሰራ አግዳሚ ነው፤ 50 ሳ.ሜ. ቁመት ላይ ይታሰራል። ክንዶቹም የተገመደ ሽቦ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 30 ሳ.ሜ.፤ ከትከሻ ወርደው ጫፋቸው ጭኑ ላይ ይታሰራል። በአየር ላይ የቀረ እጅ መጀመሪያ የሚሰበር እጅ ነው። ለጭንቅላቱ ደግሞ በፌሮው ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት የሽቦ ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ በረዘመ መልኩ አድርጉ።

አሁን ሁሉንም ጸረ ዝገት ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በመሐል አንድ ቀን አድርቁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ጄሶ ለቀናት ርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ያልተቀባ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱ ቡናማ ሆኖ ላዩ ላይ ይወጣል፣ ቢፋቅም ተመልሶ ይመጣል።

መቆሚያው

የኮምፔንሳቶውን ሳጥን በብሎን ግጠሙ፤ በሚስማር ከመታችሁት ሲፈታ መቆሚያውን ያናውጠዋል፣ ጄሶ ሲጨብጥ ደግሞ በጥቂቱ ስለሚያብጥ ሳጥኑ ይጠብቅበታል። ውስጡን በዘይት አልብሱ። በሳጥኑ አፍ ላይ አንድ ቀጭን ጣውላ አሻግሩ፣ ሁለቱን ዘንጎች እሱ ላይ አስራችሁ በቱንቢ አቁሟቸው። ቱንቢውን ከፊትም ከጎንም ያዙ። አንድ ዲግሪ ያዘነበለ ዘንግ 60 ሳ.ሜ. ላይ ሲደርስ 1 ሳ.ሜ. ያመልጣል፤ ቀጥ ብላ የምትቆም ምስል ላይ ይህ ከሩቅ ይታያል።

ለመቆሚያው 900 ሚሊ ሊትር ውሃና 1.3 ኪሎ ጄሶ ይበቃል። ሁልጊዜ ውሃው ይቀድማል። ጄሶውን በእጃችሁ እየበተናችሁ ውሃው ላይ አዝንቡ፣ ሁለት ደቂቃ ሳትነኩት ይጠጣ፣ ከዚያ እጃችሁን ከስር አድርጋችሁ አረፋ ሳታስነሱ በጥብጡ። ጄሶ ላይ ውሃ ከፈሰሰ እብጠት ይሆናል። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ መጨመር ደግሞ ዋጋ የለውም፤ መጨበጥ የጀመረው ይሰበራል፣ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሳህኑ ላይ የቀረ አሮጌ ጄሶ ካለ አዲሱን ያፈጥነዋል፤ ሁለት ሳህን ያልነው በየተራ ንጹሕ እንዲሆኑ ነው። ማዘግየት ከፈለጋችሁ ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ለማፍጠን ሞቅ ያለ ውሃ ተጠቀሙ፤ ጨው ግን ተዉ፣ ብረቱን ይበላዋል።

አፍስሱ፣ ሳጥኑን ከጎን ቀስ ብላችሁ በመዶሻ እጀታ ምቱ፣ አረፋው ይወጣል። ጄሶው ይሞቃል፤ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ሳጥኑን ፍቱ። ሞቆ እያለ እጅን ጄሶ ውስጥ ነክሮ መተው ቆዳ ያቃጥላል፤ በተለይ ልጆች እጃቸውን እንዳይቀርጹበት ተጠንቀቁ።

ማልበስ

ጆንያውን 8 ሳ.ሜ. አካባቢ አድርጋችሁ በቀጭን በቀጭኑ ቁረጡ። ትንሽ ትንሽ በጥብጡ፦ 140 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም ጄሶ። ከዚህ በላይ ካበጃችሁ ግማሹ ሳህን ውስጥ ይደርቅባችኋል። ጄሶው ገና ፈሳሽ ሳለ ቁራጮቹን ነክራችሁ ብረቱ ላይ ጠምጥሙ፣ አንድ ድርብ ብቻ። ከእግር ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት የመቆሚያውን ላይ በሚስማር ቧጭሩና በውሃ አርሱት፤ እግርና መቆሚያ የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉ ደካማው ነው።

ጄሶው እንደ እርጎ ሲሆን በስፓቱላ መለጠፍ ይቻላል። ሲጠነክር በጣት ይጫናል። ሲሞቅ ደግሞ በቢላዋ ጥርት ብሎ ይቆረጣል። እነዚህ ሦስት ጊዜያት በአንድ ሳህን ውስጥ በሩብ ሰዓት ያልፋሉ፤ ስለዚህ ከመበጥበጣችሁ በፊት የት እንደምትለጥፉ ወስኑ።

በማግስቱ ስትቀጥሉ የቆየውን ክፍል ውሃ መምጠጥ እስኪያቆም ድረስ አርሱት። የደረቀ ጄሶ የአዲሱን ውሃ በሰከንዶች መጥጦ ይወስደዋል፤ አዲሱ ሳይጨብጥ ይደርቃል፣ ከሳምንት በኋላ ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። ከሚበላሹት ስራዎች አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚበላሹት።

ልኮቹ እነዚህ ናቸው፤ የጃኮሜቲ አይደሉም፣ ለዚህ መጠን የሚሰሩ መነሻዎች ናቸው። ጭንቅላት ቁመቱ 6 ሳ.ሜ.፣ ከፊት ወርዱ 2.6፣ ከጎን ጥልቀቱ 5። አገጭ 54 ላይ፣ ጉልበት 17 ላይ። ወገብ 4፣ ዳሌ 6 ሳ.ሜ. ወርድ። ቁርጭምጭሚት 1.6፤ ብረቱ 6 ሚሊ፣ ሽቦው በየጎኑ 1፣ ጄሶው በየጎኑ 4። ከዚህ ከቀነሰ ሽቦው ይታያል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉት መርገጫዎቿ 8 ሳ.ሜ. ርዝመት ኖሯቸው ከመቆሚያው ጋር የሚዋሃዱ፣ ከተቀረው አካል ጋር ሲነጻጸሩ የገዘፉ ይሁኑ። ቀጭን ነገር የሚቆመው መሬቱን በደንብ ሲይዝ ነው፤ ለዓይንም፣ ለሚዛንም።

መጀመሪያ ሁሉንም ከልኩ 3 ሚሊ ገደማ አስተርፋችሁ አወፍሩ፣ ከዚያ በቢላዋ ቀንሱ። የምትቀንሱት ከግራና ከቀኝ ነው፤ ከፊትና ከኋላ እጃችሁ ይቆጠብ። ሐውልቷን ዓይኗ ከዓይናችሁ ትይዩ እስክትሆን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በየአምስት ደቂቃው 3 ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ክፍሉ ካልፈቀደ 1.5 ሜትር ላይ መስታወት አቁሙና በሱ እዩ፤ ርቀቱም እጥፍ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ ስለሚገለባበጥ የተጣመመውም ወዲያው ይጋለጣል። ከ3 ሜትር የማይታይ ነገር ካለ ፋቁት፣ ቢያምርም።

ሸካራነቱን ለብቻው አትስሩ። ስፓቱላ የለጠፈው፣ ጣት የተጫነው፣ ቢላዋ የጨረፈው ምልክት ስራው እየተፈለገ እያለ የቀረ ነው። መጨረሻ ላይ ለጌጥ ተብሎ የሚነቀስ ሸካራነት ከሩቅ የታመመ ቆዳ ይመስላል።

ጭንቅላቱ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ጃኮሜቲ ሕያውን ከሞተው የሚለየው አስተያየቱ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዓይን ከተገኘ የቀረው ራሱ ይመጣል።

ጄሶው ሞቆ በሚቆረጥበት ሰዓት መጀመሪያ ሁለቱን ጉንጮች ከዓይን አጥንት እስከ አገጭ እያንዳንዱን በአንድ ምት ጥረቡ፤ ቢላዋውን ደጋግማችሁ ካሻሻችሁ ገጹ ይደበዝዛል። አሁን ከፊት የቀረው ጠባብ ሸንተረር ነው። የዓይን መስመር በጭንቅላቱ ቁመት ግማሽ ላይ፣ ከአናት 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ነው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ከፍ ያደርገዋል፣ ግንባሩም ይጠፋል። በሚስማሩ ጫፍ የአፍንጫውን ሥር በግራና በቀኝ 4 ሚሊ ያህል ጎድጉዱ። ከዚያ ከጎድጓዳው ውስጥ የምስር ፍሬ የማይሞላ ጄሶ በሚስማሩ ጫፍ ጠብ አድርጉ፤ ያ የዓይኑ ኳስ ነው። የላይኛውን ቆብ አንድ ሰረዝ አድርጋችሁ ከላዩ ጣሉበት። የታችኛውን ቆብ ተዉት፣ ብሌን አትቅደዱ። ጥላው ከላይኛው ቆብ ስር ሲወድቅ አስተያየቱ ይመጣል። ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ነጥብ ማየታቸውን ከመስታወቱ አረጋግጡ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ሸውራራ ያደርጋታል። አፉ አንድ ጭረት ነው።

ካልሆነ አፍርሱ። ግን ፊቱ ላይ እየደራረባችሁ ከሦስት ጊዜ በላይ አትመላለሱ፤ ድርብርቡ ይላላል። ያን ጊዜ እስከ ሽቦው አራግፉና እንደገና ጀምሩ። ጃኮሜቲ ማታ የሰራውን ጠዋት ሲያፈርስ ኖሯል፤ አጽሙ ካለ የጠፋው ጄሶ ብቻ ነው።

ማድረቅና የሚበላሸው

በበጋ ሐውልቷ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ መቆሚያው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል። በክረምት ከዚህ እጥፍ ጠብቁ፣ ከግድግዳም አርቁ፤ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ያወጣል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ከ50 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ጄሶ ውስጡ የያዘውን ውሃ መልሶ ይሰጣል፣ ጫፎቹ ጠመኔ ይሆናሉ። ጉንጫችሁን አስጠጉ፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው። ሚዛን ካላችሁ ክብደቷ መቀነስ ያቆመበት ቀን ደርቃለች።

ቁርጭምጭሚት ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ ምክንያቱ ሐውልቷን ደረቷን ይዞ ማንሳት ነው፤ ብረቱ ይለጠጣል፣ ጄሶው አይለጠጥም። ላዩን ብትለስኑት ይመለሳል። እስከ ብረቱ በሦስት ማዕዘን ክፈቱት፣ አርሱት፣ የጆንያ ክር ከጄሶ ጋር ጠምጥማችሁ ሙሉት። ዝገት የወጣበትን ቦታ እንዲሁ እስከ ብረቱ ቆፍሩ፣ አድርቁ፣ የዘይት ቀለም ቀቡት፣ ከዚያ ሙሉት።

የጄሶ ዝቃጭ በማጠቢያ ገንዳ አይፈስም፤ ቱቦ ውስጥ ይጨብጣል፣ የሚከፈልበትም ጎረቤት ሁሉ ነው። እጅና ዕቃ በባልዲ ታጠቡ፣ ያድር፣ ውሃውን ደፍታችሁ የተቀመጠውን ከቆሻሻ ጋር ጣሉ። ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ።

ቀለም ከፈለጋችሁ አንድ እጅ ኮላ በስምንት እጅ ውሃ ቀጥናችሁ ትንሽ የአፈር ቀለም ጨምሩበት፤ ጎድጓዳው ላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ከጉብታው በጨርቅ ጥረጉ። ወርቃማ ስፕሬይ ቀብቶ ነሐስ ነው ማለት ግን አንድም ሰው አያታልልም።

በታክሲ የምትወስዷት ከሆነ ከፊት ወንበር አጠገብ አታቁሟት። መቆሚያውን ካርቶን ወለል ላይ በጨርቅ አጣብቁ፣ ወገቧን በሁለት ጎን በጨርቅ ጥቅል ደግፉ፣ ካርቶኑን ጉልበታችሁ ላይ ያዙት። ጋደም አድርጎ መውሰድ የባሰ ነው፤ በየጉድጓዱ ክብደቷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያርፋል።

ውጭ ለማቆም ጄሶ አይሆንም፤ ዝናብ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሲሚንቶ ይቻላል፣ በዚህ መጠን ግን አይሆንም፤ ብረቱን ከዝገት ለመጠበቅ በየጎኑ ቢያንስ 1 ሳ.ሜ. ሽፋን ስለሚያስፈልግ ቁርጭምጭሚቱ 2.6 ሳ.ሜ. ይሆናል፣ ለ60 ሳ.ሜ. ሴት ይህ ወፍራም ነው። ቁመቷን ወደ 1 ሜትር ከፍ አድርጉት፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሁለት እጅ በወንፊት የተነፋ አሸዋ፣ በእጅ ሲጨመቅ ቅርጹን የሚይዝ እንጂ ውሃ የማያንጠባጥብ አድርጋችሁ አቡኩ። በየቀኑ ከ1 ሳ.ሜ. በላይ አትለጥፉ፤ ካለቀ በኋላ ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጧት።